«ሲስተሙ ላይ የለህም» ማለት ምን ማለት ነው?

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡና ይዛችሁ አንብቡት። የተናደድኩበት ጉዳይ ስለሆነ ማሳጠር አልቻልኩም።

በየቢሮው መስኮት ስንቆም የምንሰማቸው ሁለት መልሶች አሉ። አንደኛው «ሲስተም የለም» ነው። እሱን ለምደነዋል፤ ሻይ ጠጥተን ወይ ነገ እንመለሳለን። ሁለተኛው «ሲስተሙ ላይ የለህም» የሚለው ነው። ይሄኛው ሰው ያስለቅሳል። አሥራ ሁለት ዓመት የተማረ፣ ሮስተር ላይ ስሙ ያለ፣ አገር አቀፍ ፈተና የተፈተነ ልጅ፣ ስክሪን አይቶ «የለህም» የሚል ሰው ፊት ቆሞ መኖሩን ማስረዳት ይጀምራል። እንዴት ብሎ ነው የሚያስረዳው?

የእኔ ክርክር ይሄ ነው፦ ዳታቤዝ «የለም» ሲል «በዚህ ቁልፍ ያስቀመጣችሁት ነገር የለም» ማለቱ ብቻ ነው። ስለ ሰውየው መኖር አለመኖር የተናገረው አንዳች ነገር የለም። «ሰውየው የለም» የሚለውን ትርጉም የሚጨምሩት ፕሮግራሙን የጻፈው ባለሙያ እና ስክሪኑን አንብቦ የሚፈርደው ሠራተኛ ናቸው። ስለዚህ ጥፋቱን ማሽኑ ላይ መለጠፍ ይቁም።

ገና ሳልጀምር ኮመንቱ ይታየኛል፦ «አንተ የሃይስኩል አይሲቲ መምህር ነህ፣ ያውም በዲፕሎማ፤ ስለ ዳታቤዝ ምን አገባህ?» ያገባኛል። እኔ ያስተማርኳቸው ልጆች ናቸው «የለህም» የሚባሉት። ደግሞ የምጽፈው ነገር ማስተርስ አይጠይቅም። ፊደል የቆጠረ ሁሉ ይገባዋል፤ እንዲያውም ችግሩ የሚጀምረው ከፊደል ነው።

እስቲ ከመሠረቱ እንነሳ። ብዙ ትንንሽ ፕሮግራሞች መረጃቸውን የሚያስቀምጡት ኢምቤድድ ኪ-ቫልዩ ዳታቤዝ በሚባል ነገር ውስጥ ነው። ቃሉ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ኪ-ቫልዩ ማለት ቁልፍ እና በዚያ ቁልፍ የሚገኝ ይዘት ነው፤ የመሳቢያ ቁጥር እና መሳቢያው ውስጥ ያለው ማህደር እንደማለት። ኢምቤድድ ማለት ደግሞ ለብቻው የቆመ ሰርቨር የለውም፤ በፕሮግራሙ ሆድ ውስጥ ይሠራል፣ ዳታውም እዚያው ኮምፒውተር ላይ በፋይል ይቀመጣል። ኔትወርክ ቢጠፋ ግድ የለውም። አንድ ኮምፒውተር እና የሚቆራረጥ ኢንተርኔት ላለው ትምህርት ቤት ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

አዲስ ነገርም አይደለም (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ ናቸው)። ኬን ቶምሰን ዲቢኤም የሚባለውን ለዩኒክስ የጻፈው በ1979 ነው። በ1991 በርክሌይ ዲቢ መጣ። በ2011 የጉግሎቹ ጄፍ ዲን እና ሳንጃይ ጌማዋት የጻፉት ሌቭልዲቢ ለሕዝብ ክፍት ሆነ። በዚያው ዓመት ሃዋርድ ቹ ኤልኤምዲቢን ይዞ ብቅ አለ። ይሄን ጽሑፍ የምታነቡበት ፌስቡክ ራሱ ከሌቭልዲቢ ተነስቶ ሮክስዲቢን ሠርቷል። ክሮም ደግሞ ድረ ገጾች ስልካችሁ ላይ የሚያስቀምጡትን ዳታ ለመያዝ ለዓመታት ሌቭልዲቢን ተጠቅሟል። ፓይተን የጫነ ተማሪም ዲቢኤም የሚባለው ሞጁል አብሮ መጥቶለታል። ማለትም ነገሩ የተፈተነ ነው። «ዳታቤዙ በላው» እያላችሁ የምታሙት ዕቃ ከብዙዎቻችን ዕድሜ በላይ ሲሠራ የኖረ ነው።

ታዲያ ሪከርድ የሚያወጣው እንዴት ነው? ትእዛዙ አንድ ነው፦ ቁልፍ ትሰጠዋለህ፣ ይዘቱን ይሰጥሃል። በርክሌይ ዲቢ እና ኤልኤምዲቢ ቁልፎቹን በቢ-ትሪ ያደራጃሉ። አንድ ገጽ 100 ቁልፍ ቢይዝ፣ ሦስት ገጽ በማንበብ ከ1 ሚሊዮን ቁልፎች መካከል የምትፈልገውን ታገኛለህ፤ አራት ገጽ ብታነብ ከ100 ሚሊዮን። ፍጥነቱ የሚደንቅ ነው። ግን አንድ ነገር አያደርግም፦ አይገምትም። የሰጠኸውን ቁልፍ ከተቀመጠው ቁልፍ ጋር የሚያስተያየው ባይት በባይት ነው። አንዲት ባይት ከተለየች፣ ለእሱ ሌላ ቁልፍ ነው።

አሁን ወደ ጉዳችን እንምጣ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ከገባበት ከ1999 ጀምሮ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። በዩቲኤፍ-8 ሲጻፍ ደግሞ አንድ የእኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። እሳቱ ሰ 225፣ 136፣ 176 ነው። ንጉሡ ሠ 225፣ 136፣ 160 ነው። ሁለቱ ባይቶች አንድ፣ ሦስተኛው የተለየ። ለጆሮህ አንድ ድምፅ ነው፤ ለዳታቤዙ ግን ሰ እና ሠ እንደ ለ እና መ የተለያዩ ናቸው።

እስቲ «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም እንቁጠረው፤ ተማሪዎቼ ቢሆኑ ሰሌዳ ላይ አስቆጥራቸው ነበር። የመጀመሪያው ድምፅ በስድስት መንገድ ይጻፋል፦ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። «ሥ» በሁለት፤ ሥ ወይም ስ። «ሴ» በሁለት፤ ሴ ወይም ሤ። ስድስት ሲባዛ በሁለት ሲባዛ በሁለት 24። አንዳንዱ ሰው ሁለቱን ቃል ያያይዛል፣ አንዳንዱ ይለያያል፤ ስለዚህ 48። እንግዲህ «ኃ/ሥላሴ» የሚለውን አጻጻፍ ገና አልቆጠርኩም። አንድ ሰው፣ አንድ ስም፣ 48 ቁልፍ። ከ48ቱ አንዱ ብቻ ነው መሳቢያውን የሚከፍተው። በሌሎቹ 47 ብትጠይቅ መልሱ «የለም» ነው፤ መልሱም ትክክል ነው።

ይሄ የክፍል ውስጥ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ከጥቂት ዓመት በፊት ያስተማርኩት ልጅ ሥራ ለማመልከት ትራንስክሪፕት ፈልጎ አንድ ቢሮ ሄደ። የቢሮውን ስም አልጠራም። የድሮ መዝገቦች «ዲጂታል ሆነዋል» ተብሎ ሪባን ተቆርጧል፣ ፎቶ ተነስቷል። ልጁ ሦስት ቀን ተመላለሰ። ሦስቱንም ቀን መልሱ «ሲስተሙ ላይ የለህም» ነበር። በሦስተኛው ቀን ጭራሽ «ምናልባት እዚያ ትምህርት ቤት አልተማርክ ይሆናል» ተባለ። ማርኩን የሞላሁት እኔ ነኝ እኮ! በአራተኛው ቀን አብሬው ሄድኩ። የአባቱ ስም «ኃይለ» ብሎ የሚጀምር ነው። «በሃሌታው ሀ ሞክሪው እህቴ» አልኳት። ሞከረች። ወጣ። ከነማርኩ፣ ከነፎቶው። የምዝገባው ማብቂያ ግን ከአንድ ቀን በፊት አልፎ ነበር።

ልጅቷን አልወቅስም። ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ነው ያነበበችው። የምወቅሰው ስክሪኑ ላይ ያንን የጻፈውን ነው።

እዚህ ላይ ባለሙያዎቹን አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። እነዚህ ዳታቤዞች ስትጠይቋቸው የሚሰጧችሁ መልስ ስንት ዓይነት ነው? በትንሹ ሦስት ነው። አንደኛ፦ አገኘሁት፣ ይኸው። ሁለተኛ፦ በዚህ ቁልፍ የተቀመጠ የለም። ሦስተኛ፦ ማንበብ አልቻልኩም፤ ፋይሉ ተበላሽቷል፣ ዲስኩ እምቢ ብሏል። ሌቭልዲቢ እነዚህን ለያይቶ ነው የሚነግርህ። በርክሌይ ዲቢም «አልተገኘም» ለሚለው የራሱ የመልስ ኮድ አለው። ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎ ሳለ የእኛ ፕሮግራመር ምን ያደርጋል? ሁለተኛውን እና ሦስተኛውን አንድ ላይ ጠቅልሎ «ተማሪው አልተመዘገበም» የሚል ቀይ ጽሑፍ ያወጣል። ዲስኩ ቢበላሽም ተማሪው አልተመዘገበም! መብራት ሲቆራረጥ ፋይሉ ቢጎዳም ተማሪው አልተመዘገበም! ማሽኑ ያላለውን በማሽኑ ስም መናገር ምን ይባላል?

ማሽኑ እንዲያውም ከእኛ ይልቅ ጠንቃቃ ነው። ሌቭልዲቢ ውስጥ ብሉም ፊልተር የሚባል ነገር መጠቀም ይቻላል፤ ዲስክ ከመነካቱ በፊት «ይሄ ቁልፍ እዚህ ፋይል ውስጥ አለ?» ተብሎ የሚጠየቅ ትንሽ ዘበኛ ነው። መልሱ ወይ «በእርግጠኝነት የለም» ወይ «ሊኖር ይችላል» ነው። ለአንድ ቁልፍ 10 ቢት ከተሰጠው፣ ከሌሉ 100 ቁልፎች አንዱን ያህል በስህተት «ሊኖር ይችላል» ይላል። ያለውን ግን «የለም» ብሎ አይመልስም። ቢሳሳት ወደ ፍለጋ ነው የሚሳሳተው። ፍለጋው ትንሽ ጊዜ ያባክናል፣ ሰው ግን አይጎዳም። የእኛ ቢሮ የሚሳሳተው በተቃራኒው ነው፤ ሲጠራጠር «የለም» ይላል።

ድሮ የማህደር ክፍል ውስጥ የሚሠሩ ጋሼዎች ነበሩ። ቦክስ ፋይሉን በ«ኃ» አይተው ሲያጡ «ቆይ እስቲ» ብለው በ«ሀ» ያያሉ። ከዚያ «አባትህ ገብረማርያም ነው ያልከኝ? በገ/ማርያም ልየው» ይላሉ። ከዚያ «በስንት ዓመተ ምህረት ነው የጨረስከው? ሴክሽንህስ?» ብለው በሌላ በኩል ይመጣሉ። ኮምፒውተር ሲገባ ወረቀቱን አስገባን፤ የጋሼን «ቆይ እስቲ» ግን ማንም ፕሮግራም ውስጥ አላስገባውም። ዲጂታል ሆነ የተባለው ግማሹ ብቻ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሲተቹ ብቻ መዋል አልወድም፤ ዝርዝሩን ልጻፈው።

አንደኛ፣ ስም ቁልፍ አይሁን። የቤተሰብ ስም በሌለበት፣ የራስ እና የአባት ስም በየክፍሉ በሚደጋገምበት አገር ስምን ቁልፍ ማድረግ አያዋጣም። ሁለት ተማሪ አንድ ዓይነት ስም ካላቸው ደግሞ ብዙዎቹ እነዚህ ዳታቤዞች ካልተከለከሉ በስተቀር ሁለተኛውን በመጀመሪያው ላይ ይጽፉበታል። ያኔ የመጀመሪያው ልጅ የምሩን ጠፋ ማለት ነው። ቁልፉ ልጁ ሲመዘገብ የሚሰጠው፣ ክፍል ሲቀይርም ስም ሲያስተካክልም የማይለወጥ ቁጥር ይሁን።

ሁለተኛ፣ ቁጥሩ በዜሮ ይሞላ። ዳታቤዙ ጽሑፍን የሚደረድረው በባይት ስለሆነ «10» ከ«9» በፊት ይመጣል። «0009» እና «0010» ብለህ ከጻፍከው ግን በሥርዓቱ ይሰለፋል። ዓመተ ምህረቱም የማን አቆጣጠር እንደሆነ ይወሰን። በፈረንጅ 2016 የተባለው በእኛ 2008 ወይም 2009 ነው። አንዱ መዝጋቢ በእኛ፣ ሌላው በፈረንጅ ካስገባ ልጁን የሚፈልገው ሰው የተሳሳተ መሳቢያ ሲከፍት ይውላል።

ሦስተኛ፣ የስም ኢንዴክስ ለብቻው ይሠራ። ማለትም ሌላ ትንሽ ዳታቤዝ፦ ቁልፉ ስም፣ ይዘቱ የተማሪው ቁጥር። እዚህ ኢንዴክስ ውስጥ ሲገባ ብቻ ስሙ ወደ አንድ ዓይነት ፊደል ይመለስ፤ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ሃ ወደ ሀ፣ ክፍት ቦታውም ይውጣ። ሲፈለግም የተጠየቀው ስም በዚያው ወንፊት ይለፍ። 48ቱ አጻጻፍ አንድ ቁልፍ ይሆናል። በአጭሩ የተጻፉት ይተርተሩ፤ «ገ/» ወደ «ገብረ»። «ተ/» ሲሆን ተክለም ተስፋም ሊሆን ስለሚችል በሁለቱም ይግባ፤ ለአንድ ተማሪ ሁለት የኢንዴክስ መስመር ቢኖር ማንም አይከስርም።

«ሲገባ ብቻ» ያልኩትን አስምሩበት። ዋናው ሪከርድ ላይ ያለው ስም አንዲት ፊደል መነካት የለበትም። በግዕዝ «ሠረቀ» ወጣ ማለት ነው፣ «ሰረቀ» ደግሞ ሌባ የሚያደርገው ነው። በትግርኛ ሐ እና ሀ፣ ዐ እና አ ድምፃቸው ራሱ ይለያያል። ስለዚህ ማቅለሉ ለፍለጋ እንጂ ሰውን አዲስ ስም ለማውጣት አይደለም። ትራንስክሪፕቱ ላይ የሚታተመው አባቱ ያወጣለት ነው።

አራተኛ፣ ሪከርዱ እና ኢንዴክሱ አብረው ይጻፉ፤ ወይ ሁለቱም ይግቡ ወይ ሁለቱም ይቅሩ። በመሃል መብራት ሄዶ ሪከርዱ ገብቶ ኢንዴክሱ ከቀረ፣ ልጁ አለ ግን በስሙ አይገኝም። በርክሌይ ዲቢ ሁለተኛውን ኢንዴክስ ራሱ እንዲያድሰው ማሰር ይቻላል፤ በሌቭልዲቢ ደግሞ ብዙ ጽሕፈቶችን በአንድ ጥቅል ማስገባት ይቻላል። መሣሪያው አለ፤ የሚጠቀምበት ነው የጠፋው።

አምስተኛ፣ ከርሰር ተጠቀሙ። ቢ-ትሪ እና ሌቭልዲቢ ቁልፎቹን በቅደም ተከተል ስለሚይዙ «ከሀይለ ጀምሮ ያሉትን አሳየኝ» ማለት ይቻላል። እዚያ ላይ ትቆማለህ፣ ከዚያ ቀጥል፣ ቀጥል እያልክ መነሻው እስኪቀየር ትሄዳለህ። የዩኒኮድ ተራ በአብዛኛው የሀ-ሁ ተራ ስለሆነ ዝርዝሩ የሚወጣው እንደ ፊደል ገበታው ነው። አስተውሉ፣ ዳታቤዙ በሀሽ የተደራጀ ከሆነ ይሄ አይሠራም፤ ሀሽ ቁልፍን እንጂ ተራን አያውቅም። ስክሪኑ በባዶ ቀይ ጽሑፍ ፋንታ አሥር ተቀራራቢ ስሞችን ቢያወጣ፣ ልጅቷ «ከእነዚህ ውስጥ ነህ?» ብላ ትጠይቀው ነበር።

ስድስተኛ፣ መልእክቱ እውነት ይናገር። «በዚህ አጻጻፍ አልተገኘም፤ በሌላ ይሞክሩ» ይበል። ፋይሉ ካልተነበበ «መዝገቡን ማንበብ አልተቻለም» ይበል። ይሄን ለማስተካከል በጀት አያስፈልግም፣ ግማሽ ቀን ይበቃል።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቼ ልምጣ።

«ኪ-ቫልዩ ስለሆነ ነው፤ ኤስኪውኤል ብትጠቀሙ በከፊል ስም መፈለግ ትችሉ ነበር» የሚሉኝ አሉ። ስሙን ከመሃሉ ስትፈልግበት በአብዛኛው ሠንጠረዡን ከላይ እስከ ታች ያስነብበዋል፤ ይሁን፣ እሱን እንለፈው። «ኃይለ» ብለህ ስትፈልግ «ሀይለ» ይወጣልሃል? አይወጣም። ባይቱ ያው ባይት ነው። ዕቃ ብትቀይር በሽታው አብሮህ ይሰደዳል።

«ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት አጻጻፍ ይጠቀም» የሚሉም አሉ። ጥሩ ምኞት ነው። ግን ያለፉት ሮስተሮች በእጅ ተጽፈው አልቀዋል፤ የሞቱትንም ጡረታ የወጡትንም መምህራን አስነስቶ ማጻፍ አይቻልም። ደግሞ ለኮምፒውተር ብሎ የሰው ስም ማረም ማን ፈቀደለት?

«ፋይዳ ይፈታዋል» ለሚሉት፦ ባለ 12 አሃዝ ቁጥሩ በትክክል የእኔን ክርክር ነው የሚደግፈው፤ ስም ቁልፍ እንደማይሆን የገባው ሰው የሠራው ነው። ለነገው ምዝገባ እሰየው። ግን የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ሮስተር ላይ የፋይዳ ቁጥር የለም። እዚያ ያለው ስም ብቻ ነው። እነዚያን ልጆች በምን እናውጣቸው? በስም ኢንዴክስ ነው፤ ሌላ መንገድ የለም።

የሥራ ባልደረቦቼ፣ የአይሲቲ መምህራን፦ እኛም የምንሠራው አለ። ልጆቹን የዳታቤዝ ትርጉም ከማሸምደድ፣ ላብ ሲገቡ የክፍላቸውን ማርክ ሊስት በፓይተን ዲቢኤም ያስገቡ። በስም ቁልፍ አድርገው ይጀምሩ። ከዚያ ማስታወሻ ሳይዙ፣ ሳይነጋገሩ፣ አንዱ ያስገባውን ሌላው ይፈልግ። ስንቱ እንደሚወድቅ ያያሉ። ከዚያ የማቅለያ ፈንክሽኑን ራሳቸው ይጻፉ። ሁለት ፔሬድ ይበቃል። ከእነሱ መሃል አንዱ ነገ የዞን ወይም የክልል ሲስተም ይሠራል፤ ቢያንስ ቀዩን ጽሑፍ ከመጻፉ በፊት ያስባል።

መስኮት ላይ ለምትሠሩ እህት ወንድሞቼ ደግሞ የምለምናችሁ፦ ፕሮግራሙ እስኪስተካከል ድረስ «የለህም» ከማለታችሁ በፊት ሁለት ሦስት አጻጻፍ ሞክሩ። በሀ፣ በሐ፣ በኃ። በሰ፣ በሠ። ተያይዞ፣ ተለያይቶ። ደቂቃ አይፈጅም። መስኮቱ ላይ የቆመው ልጅ ለዚያች ደቂቃ ከገጠር ድረስ ትራንስፖርት ከፍሎ መጥቶ ሊሆን ይችላል።

«የለህም» ተብላችሁ የተመለሳችሁ ካላችሁ ኮመንት ላይ ጻፉት፤ የቢሮውን ስም ተዉት፣ ስማችሁ በምን ፊደል ተጽፎ እንደተገኘ ብቻ ንገሩን። ሲስተም የሚሠራ የምታውቁት ሰው ካለ ደግሞ ታግ አድርጉልኝ።